አንድ አሮጌ፣ አንድ አዲስ፦ ከፎቶ ኮፒ ቤቷ የተከራየሁት የፍቅር ክረምት

የገባሁት መታወቂያዬን ፎቶ ኮፒ ላስደርግ ነበር። የሐምሌ ዝናብ ነው፤ ያ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ጣናን ከነደሴቶቹ ከዓይን የሚሰውረው። ቤቷ ከጊዮርጊስ ወደ ሐይቁ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ነው ያለችው። ሁለት ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ፕሪንተር፣ ጉርድ ፎቶ የሚነሱባት ነጭ መጋረጃ፣ በቃ። ስሟን አልጽፍም። የቤቷ ባለቤት ራሳቸው «ሰው ከበዛብኝ መጽሐፉ አይበቃኝም፣ ተይኝ» ብለውኛል። የፈለገ ጠይቆ ያገኛታል፤ ባሕር ዳር እንደሆነ ያን ያህል ሰፊ አይደለችም።

መብራት ጠፋ። ማሽኑ ግማሽ ፊቴን አትሞ ቆመ። «ቁጭ በይ የኔ ልጅ፣ አሁን ይመጣል» አሉኝ። አልመጣም። ከመጋረጃው ጀርባ ያለች ዱካ ላይ ተቀምጬ፣ ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ነው መደርደሪያውን ያየሁት።

መጻሕፍቱ ሁለት ሁለት እየሆኑ በላስቲክ ታስረዋል። አንዱ ሁላችንም የምናውቀው፣ ወይም እናውቀዋለን የምንለው የድሮ የፍቅር ታሪክ ነው። ሌላው በነጭ ወረቀት ታትሞ በስፓይራል የተጠረዘ ነው፤ የሆነ ወጣት ያንኑ ታሪክ ወደ ዛሬ አምጥቶ እንደ አዲስ ተርኮታል። እትዬ (ስም ስለማልጠራ እንዲህ ልበላቸው፤ ደንበኞቻቸውም የሚሏቸው ይህንኑ ነው) ጥንዱን ነው የሚያከራዩት። አዲሱን ብቻ ልውሰድ ብትሉ አይሰጡም። አሮጌውን አንብቤዋለሁ ብትሉም አይሰጡም። «ድገሚው» ነው መልሳቸው።

ሒሳቡ ለሦስት ቀን 40 ብር ነው። ካዘገያችሁ በቀን 10 ብር ይጨመራል። ከ40ው 15ቱ አዲሱን ለጻፈው ልጅ ይደርሰዋል፤ ይህን ስሰማ ጭራሽ ረከሰብኝ። ጸሐፊዎቹ ብዙዎቹ ተማሪዎችና ተመርቀው ሥራ የሚጠብቁ ልጆች ናቸው። የመመረቂያ ጽሑፍ ሊያስጠርዙ መጥተው እዚያው ቤተኛ ሆነው ቀሩ። በብዕር ስም ነው የሚጽፉት። አንዳንዱ እሱንም አይጽፍም።

ክረምቱን አራት ጥንድ ተከራየሁ። ከእማዬ ጋር ነው ያነበብነው። ማለቴ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እሷ ጥጥ እየፈተለች ትሰማለች፣ ታቋርጠኛለች፣ ትቆጣለች፣ አንዳንዴ ታንቀላፋለች። ስለዚህ ይህ ሪቪው የሁለታችን ነው። ግማሹን ስድብ ለእሷ ስጡልኝ።

የመጀመሪያው ጥንድ ምን እንደነበር ጎጃም ተቀምጬ መናገር አለብኝ? ፍቅር እስከ መቃብር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙት። እማዬ መጽሐፉን በዓይኗ አንብባው አታውቅም፤ ግን ከኔ በላይ ታውቀዋለች። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ጎረቤት ቤት ተሰብስበው ነው የሰሙት። «ጉዱ ካሳ ማለት የወጋየሁ ድምፅ ነው» ትላለች እስከዛሬ። በቅርቡ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ ሲመጣም መጀመሪያ ያደረገችው ዓይኗን ጨፍና መስማት ነበር። እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ሰው ፊት ነው ባለ ስፓይራሏን ደብተር የገለጥኩት።

አዲሱ በዛብህ የገጠር ልጅ ነው፤ ባሕር ዳር ተምሮ ተመርቆ ሥራ አጥቷል። ሰብለ የባለ ሕንፃ ልጅ ናት። አባቷ ፊታውራሪ መሆናቸው ቀርቶ ኢንቨስተር ሆነዋል። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ገጾች ያስፈሩኝ ነበር፤ በቅሎዋ ላንድክሩዘር ሆነች፣ ጠጁ ውስኪ ሆነ፣ እልፍኙ ሳሎን ሆነ። እማዬ እንዝርቷን አቁማ «ይሄማ ልብስ መቀየር ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። የድሮ ታሪክን ወደ ዛሬ አመጣሁ የሚሉ ብዙ ሰዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ዕቃውን ይቀይሩና ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል።

ከዚያ ግን ልጁ አንድ ነገር አደረገ። አሮጌው ላይ በዛብህ ሰብለን ሊያስተምር ነው ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የሚገባው። ትምህርቱ ነው የሚያቀራርባቸው። አዲሱም ላይ አስተማሪዋ ነው። ግን የሚያስተምራት አይልትስ ነው! አባቷ ካናዳ ላለ ባል አጭተዋታል፣ ፕሮሰሱ ተጀምሯል፣ የቀረው የእንግሊዝኛ ፈተናው ብቻ ነው። ጥሩ ባስተማራት ቁጥር ትርቀዋለች። ችላ ቢል ደግሞ የሚወዳት ልጅ ፈተና ትወድቃለች፤ እሱም ደሞዙን ያጣል። አባትየው ክፉ ሰው አይደሉም። ዘርህ ምንድነው፣ ደሞዝህ ስንት ነው ብለው አያዋርዱትም። እንዲያውም ይወዱታል፤ ራት ይጋብዙታል። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው በዘር የሚመጥን ወንድ አጥተው ሰብለን ቤት አስቀሯት፤ እኚህኛው ደግሞ እዚህ በፓስፖርት የሚመጥን አጥተው ካናዳ ፈለጉላት።

አንድ ትዕይንት እዚህ ላስቀምጥላችሁ። አባትየው በዛብህን «አንተ እንግሊዝኛህ ጥሩ ነው፣ እስቲ ይሄን ፎርም ሙላልን» ይሉታል። ሰብለ አጠገቡ ተቀምጣለች። ቡና ተፈልቷል። ስሟን ይጽፋል፣ የትውልድ ቀኗን ይጽፋል፣ ሳይጠይቃት ነው የሚጽፈው፣ በቃሉ ያውቀዋል። የጋብቻ ሁኔታ የሚለው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ይቆማል። አባትየው «ምን ሆንክ?» ይሉታል። «ቀለሙ አልቆ መሰለኝ» ይላል። እሷ ከቦርሳዋ ሌላ እስክሪብቶ አውጥታ ትሰጠዋለች። አለቀ፤ ምዕራፉ እዚያ ላይ ይዘጋል። እማዬ ምንም አላለችም። እማዬ ምንም ሳትል ስትቀር ትልቅ ነገር ነው።

ቅሬታ አለን ግን። ጉዱ ካሳን ቲክቶከር አድርጎታል። ሰፈሩን እየዞረ በስልኩ እየቀረጸ ማኅበረሰቡን የሚተች ልጅ። ሐሳቡ ገብቶኛል፤ ጉዱ ካሳም በጊዜው የሥርዓቱን ጉድ ፊት ለፊት የሚናገር፣ በዚህም እንደ እብድ የሚታይ ሰው ነው። ግን ጉዱ ካሳ ላይክ አይቆጥርም! እማዬ ይህችን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችም። መጨረሻውም ቀለል አለብን። አሮጌው ላይ መንገድ አለ፣ ምንኩስና አለ፣ ርዕሱ እንደሚለው መቃብር አለ። አዲሱ ኤርፖርት ላይ ያልቃል። «ይሄማ ፍቅር እስከ ቦሌ ነው» አለች እማዬ፤ ስም ወጣለት፤ እትዬም ዘንድ ሄጄ ነግሬያቸው አሁን ደንበኛው ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራው። ልጁ እንዳይሰማ ብቻ።

ሁለተኛውን ጥንድ ቶሎ ልለፈው፤ ደክሞኛል። አሮጌው ጄን ኦስተን በፈረንጆቹ 1813 ያሳተመችው ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ያለው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ለእማዬ እየተረጎምኩ ነው ያነበብኩላት። አምስት ያልተዳሩ ሴት ልጆች፣ ቀን ከሌት ስለ ሙሽራ የምታወራ እናት። እማዬ «ይቺ ሴትዮ የኛን ሰፈር ታውቀዋለች» እያለች ሳቀች። አስቂኝ የምትመስለው እናት ግን በከንቱ አይደለም የምትጨነቀው። ቤቱና መሬቱ ለወንድ ዘመድ ብቻ እንዲተላለፍ ታስሯል። አባትየው የሞቱ ዕለት እናትና ልጆች ከቤታቸው ይወጣሉ ማለት ነው። ነዝናዛ ናት፣ ሒሳቡን ግን ታውቃለች።

አዲሱ ላይ አምስቱም ልጆች ባሕር ዳር ናቸው፣ አንዷ ፋርማሲስት፣ አንዷ ባንክ፣ አንዷ መምህርት፣ ሁሉም ደሞዝተኛ። ቤቱ በእናትየዋ ስም ነው። ታዲያ እናትየዋ ለምን ትጮኻለች? ማንም አይነግረንም። አሮጌው ላይ ኩሩው ሀብታም የነበረው ዳርሲ ከአሜሪካ የመጣ ዲያስፖራ ሆኗል፤ ለአሥር ገጽ ይኮራል፣ ከዚያ ጣና ዳር ዓሣ ሲበላ ኩራቱ ይለቀዋል። በቃ ተዋደዱ። በ52 ገጽ ውስጥ ጀንበር ሦስት ጊዜ ጠለቀች፤ ቆጥሬያታለሁ። ፔሊካኖችም ሦስቴ መጡ። ንግግራቸው ደግሞ በአማርኛ ድምፅ የተመለሰ የቱርክ ድራማ ነው የሚመስለው። «ያለ አንተ እስትንፋሴ ባዶ ነው» የምትል ፋርማሲስት አይቼ አላውቅም። እማዬ ገጽ 30 አካባቢ ተኛች።

ይህን ጥንድ ስመልስ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ፍቅሩ በሁሉም ታሪክ ያው ነው፤ ተያዩ፣ ወደዱ፣ እንቅልፍ አጡ። ገጽ የሚያስገልጠው ፍቅሩ አይደለም። መሐላቸው ያለው ግድግዳ ነው። በድሮው ታሪክ ግድግዳው ዘር ነበር፣ ለቤተ ክርስቲያን የተገባ ስለት ነበር፣ የውርስ ሕግ ነበር። ይህን አፍርሰህ በምትኩ ምንም ካላቆምክ፣ የቀረህ ሁለት ቆንጆ ሰዎችና አንድ ሳህን ዓሣ ነው። የድሮውን ግድግዳ እንዳለ ካመጣኸው ደግሞ የዛሬ ሰው አያምንህም። የዛሬውን ግድግዳ ማግኘት ነው ሥራው፤ የአይልትሱ ልጅ አግኝቶታል። ለእትዬ ይህን ሳወራላቸው ጉርድ ፎቶ እየቆረጡ «እሱማ እኔም አውቃለሁ፣ ለዚህ እኮ ነው ጥንዱን የማከራየው» አሉኝ። እሺ። እኔ ነኝ የዘገየሁት።

ስለ አገልግሎቱ ጥቂት ልበል፣ ሪቪው ነው ብያለሁና። አንደኛ፣ መያዣ ብለው መታወቂያ ይወስዳሉ። ገንዘብ ላስይዝ ብትሉ እሺ አይሉም፤ «ገንዘብማ ይረሳል፣ መታወቂያ አይረሳም» ባይ ናቸው። አንድ ሰኞ ባንክ ቤት አንድ ሰዓት ሙሉ ተሰልፌ መስኮቱ ጋ ስደርስ መታወቂያዬ የት እንዳለ ትዝ አለኝ፤ ላስቲክ ታስሮ፣ እትዬ መሳቢያ ውስጥ። ሁለተኛ፣ ክረምት ላይ ወረቀቱ እርጥበት ይስባል። የሐይቅ ዳር ከተማ ነው፣ ምን ይደረግ፤ ግን መደርደሪያውን ከግድግዳው ትንሽ ቢያርቁት። ሦስተኛ፣ ከደብተሮቹ በአንዱ ሁለት ገጽ ሙሉ በእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ታትሟል፤ ልጁ የጻፈበት የአማርኛ ፎንት እትዬ ኮምፒውተር ላይ ስላልነበረ። መጀመሪያ ላይ የድርሰቱ ስልት መስሎኝ ነበር፤ ገጸ ባሕሪዋ ያበደች መስሎኝ ለሁለት ገጽ ሳዝንላት ቆየሁ። እሑድ ዝግ ናቸው። ሌላው ቀን ከ3 ሰዓት እስከ 12።

ሦስተኛው ጥንድ ቤት ያጣላን ነው።

አሮጌው ክብረ ነገሥት። ንግሥት ማክዳና ንጉሥ ሰለሞን። ታሪኩን የማያውቅ የለም፤ ቱሪስት የሚገዛው የብራና ሥዕል ላይ ሁሉ አለ። ማክዳ ጥበቡን ሰምታ ኢየሩሳሌም ትሄዳለች። በመጨረሻው ምሽት ቅመም የበዛበት፣ የሚያስጠማ ምግብ ያበላታል። በግድ እንዳይነካት አስምላዋለች፤ እሱ ደግሞ ከቤቱ ምንም ነገር እንዳትወስድ አስምሏታል። ሌሊት ውሃ ይጠማታል። ልትጠጣ ስትል እጇን ይይዛታል፤ መሐላሽን አፈረስሽ፣ ከውሃ የሚበልጥ ምን ሀብት አለ ይላታል። በልጅነቴ ይህን ስሰማ ብልጠቱ ያስቀኝ ነበር። አሁን በሠላሳ ዓመቴ ሳነበው አላሳቀኝም። ሰው አስጠምቶ ውሃ ላይ መደራደር ምን ፍቅር አለው?

አዲሱን የጻፈችው ሴት ልጅ ናት፤ እትዬ ሹክ ብለውኛል። ማክዳ የዘጌ ቡና ነጋዴ ናት። ከጫካ ሥር የሚለቀመውን የባሕረ ገብ መሬቱን ቡና ከገበሬው ሰብስባ አዲስ አበባ ላለ ትልቅ ላኪ ልታቀርብ ትሄዳለች። ሰለሞን ብልህ ነው የተባለ ሰው ነው፤ ሁሉም ውል በእሱ እጅ ያልፋል። ቤቱ ራት ይጋብዛታል። ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት ጥብስ፣ በርበሬው የበረታ ዶሮ፣ ቋንጣ ፍርፍር፤ ደራሲዋ ምግቡ ላይ ሦስት ገጽ ትፈጃለች፣ እኔና እማዬ ተነስተን እራት ልናሞቅ ምንም አልቀረንም። ጨዋታው እየደመቀ ሲሄድ ሰለሞን እየሳቀ ውርርድ ያነሳል። እስኪነጋ ከቤቴ ምንም ካልነካሽ በዋጋሽ እገዛሻለሁ፤ ከነካሽ በዋጋዬ ትሸጪልኛለሽ። ትስማማለች። የእንግዳ ክፍል ይሰጣታል። አልጋው ራስጌ ጆግ ሙሉ ውሃ፣ በረዶው ገና አልቀለጠም።

ሌሊት ይጠማታል። ከንፈሯ ይደርቃል። ትነሳለች። ጆጉን ታየዋለች። በሩ ሥር የሰው ጥላ አለ፤ ቆሞ እየጠበቀ ነው።

የእጅ ቦርሳዋን ትከፍትና ከሊፕስቲኩና ከደረሰኞቹ ሥር ግማሽ የቀረላት ሃይላንድ ታወጣለች። ከዘጌ ስትነሳ ጀልባ ላይ የጀመረችው ነው። ክዳኑን ስትከፍት ጠስ ይላል። ከበሩ ውጪ ያለው ጥላ ይሰማዋል።

በሳቅ ልሞት ነበር። ጠዋት ሰለሞን ቁርስ ላይ ያልተነካውን ጆግ ፊቱ አስቀምጦ ተቀምጧል፣ ዓይኑ ቀልቷል። በዋጋዋ ይፈርማል። ፍቅሩስ? ፍቅሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው። ከሁለት ወር በኋላ በጀልባ ዘጌ ድረስ ይመጣል፣ አቀበቱን በእግሩ ወጥቶ ላቡ እየወረደ በሯ ላይ ይቆማል። «ውሃ ስጪኝ» ይላል። እንዲህ ነው ግድግዳ መገልበጥ! ጠማማ የነበረውን ነገር ሳትሰብረው ዞር አድርጋ አስቀመጠችው። ለኔ ከአራቱ አንደኛ ይህ ነው።

እማዬ ግን እንዝርቷን ወርውራ ተነሳች። «ታዲያ ምኒልክ ከየት ይምጣ?»

ምን ብዬ ልመልስ? ውሃውን ካልጠጣች ቀዳማዊ ምኒልክ የለም፤ እሱ ከሌለ ሥርወ መንግሥቱ የለም፣ ጽላቱም አልመጣም። ልብ ወለድ ነው፣ ሌላ ማክዳ ናት አልኳት። «ሌላ ከሆነች ሌላ ስም ታውጣላት» አለች። ቅዳሜ የጀመርነው ክርክር እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቀጠለ። አክስቴ መጥታ እሷም ገባችበት። በመጨረሻ እማዬ አንድ ነገር ብቻ አመነችልኝ። ቦርሳ ውስጥ ውሃ መያዝ ጥሩ ልማድ ነው።

አራተኛው። ሮሜዎና ዡልዬት፣ ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ የመለሱት። የእትዬ ቅጂ ሽፋኑ የለም፤ በካርቶን ነው የተጠረዘው። እዚህ ላይ «ክላሲክ አይነካም» ለሚሉ ሰዎች አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ ሼክስፒር ራሱ ታሪኩን አልፈጠረውም። አርተር ብሩክ የሚባል እንግሊዛዊ በፈረንጆቹ 1562 ያሳተመው ረጅም ግጥም ነበር፤ እሱም ከጣሊያኖች የመጣ ነው። በፈረንጆቹ 1957 ደግሞ አሜሪካኖቹ ኒውዮርክ መንገድ ላይ የሚደባደቡ የወጣት ቡድኖች አድርገው በዌስት ሳይድ ስቶሪ መድረክ ላይ አወጡት። የእኛ ልጅ ጣና ላይ ቢያወጣው ምን ነውር አለው?

ጣና ላይ ነው ያወጣው። ሁለት ባለ ጀልባ ቤተሰቦች፣ አንድ የጀልባ ማቆሚያ፣ በቱሪስት የተነሳ የቆየ ጠብ። ልጁ ጀልባ ነጂ ነው። ልጅቷ አስጎብኚ ናት፣ በአባቷ ጀልባ ሰው ይዛ ትወጣለች። ከተማ ውስጥ አይነጋገሩም፤ ሁሉም ሰው ሁሉንም ያውቃል። የሚገናኙት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ክብራን ገብርኤል ዳርቻ። ገዳሙ ሴት አይገባበትም። ወንዶቹ እንግዶች ከመነኩሴው ጋር ወደ ላይ ሲወጡ እሷ ጀልባ ላይ ትቀራለች። እሱም ነጂ ነውና ጀልባውን ይጠብቃል። ሁለቱም ገመዳቸውን አንዲት ዛፍ ላይ ያስራሉ። አንዱ ጀልባ በማዕበል ሲወዛወዝ ገመዱ ሌላውን ይስበዋል። ግማሽ ሰዓት አላቸው። ፊት ለፊታቸው እንጦስ ኢየሱስ ነው፣ ሴት መነኮሳት ያሉበት። በየጀልባቸው ተቀምጠው፣ እሷ ሙዝ ትወረውርለታለች፤ ይበላል፤ ልጣጩን ውሃ ላይ እንዳይጥል ትቆጣዋለች። ከዚህ ያለፈ ነገር አያደርጉም። እሷ እንዳትገባ የተከለከለችበት ቦታ ለነሱ ብቸኛዋ ደጃፍ ሆነች። ይህን ዓይነት ነገር አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው አይጽፈውም፤ ዳርቻው ላይ የጠበቀ ሰው ነው የሚጽፈው።

አሮጌው ላይ ሁሉን የሚያበላሸው አንድ ደብዳቤ ነው። ዡልዬት የሞተች የሚያስመስላትን መድኃኒት እንደምትጠጣ የሚገልጸው ደብዳቤ ለሮሜዎ አልደረሰም፤ መልእክተኛው መነኩሴ በወረርሽኝ ምክንያት ቤት ተዘግቶበት ቀረ። የዛሬ ጸሐፊ እዚህ ጋ ይቸገራል። ስልክ ባለበት ዘመን ደብዳቤ እንዴት ይጠፋል? ሌላ አገር ቢሆን ስልኳ ሐይቅ ውስጥ ወደቀ ብለው ያልፉት ነበር። የኛ ልጅ ግን ባሕር ዳር ነው የሚኖረው። ኢንተርኔት ጠፍቶ የከረመበትን ጊዜ ያየ ሰው ነው። ልጅቷ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ተወስዳ ታጭታለች፤ የቤቱ ሰው ስልኳን ስለሚሰማ መደወል አትችልም። በቴሌግራም ትጽፍለታለች። «ቅዳሜ በሌሊቱ አውቶቡስ እመጣለሁ፣ ካልጠበቅከኝ ግን ወደ እነሱ እመለሳለሁ።» አንድ ቲክ። ትጠብቃለች። አንድ ቲክ። ስልኳን ታጸዳዋለች፣ ቻርጅ ታደርገዋለች፣ አጥፍታ ታበራዋለች። ሦስት ገጽ ሙሉ ያቺን አንዲት ቲክ ነው የምታየው። ያን ጊዜ ለሰው መልእክት ልካችሁ የምታውቁ፣ እነዚህን ሦስት ገጾች ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። እኔ ቆሜ ነው የጨረስኳቸው።

ቅዳሜ ሌሊት አውቶቡሱ ባሕር ዳር ይደርሳል። ልጅቷ በመስኮት ታያለች። መናኸሪያው ጋ ሲቆም በሩ ይከፈታል፣ እሷ ደረጃው ላይ ቆማ

አለቀ። ገጽ 67 የለም።

ስፓይራሉ ላይ የተቀደደ ወረቀት ጥርስ ብቻ ቀርቷል። በንጋታው ዝናቡን ሳልፈራ ሄድኩ። «እሷማ ሰኔ ላይ ነው የጠፋችው» አሉ እትዬ፣ የቀበሌ ደብዳቤ እያተሙ። ልጁ ጋ የለም? የልጁ ፍላሽ ተበላሽቷል፤ እሱም ሥራ አግኝቶ ሌላ ከተማ ሄዷል። እርስዎ አላነበቡትም? አንብበዋል። ልጁ ጠብቋት ነበር አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ወይስ ወንድሙ ነበር የመጣው?» አሉ። ተናደድኩ፣ ልዋሽ አልችልም። 40 ብር ከፍዬ መጨረሻ የሌለው መጽሐፍ! መጀመሪያ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?

እሳቸው ግን ከመሳቢያው ባዶ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። ባዶ አይደለም። ያነበቡት ሰዎች በየተራ መጨረሻውን ጽፈውበታል። 11 የእጅ ጽሑፍ ቆጠርኩ። አንዱ ሁለቱንም ገድሏቸዋል፣ በቀይ እስክሪብቶ። አንዱ አጋብቷቸው የሠርጉን ወጪ ሳይቀር ዘርዝሯል። አንዷ «ወደ አዲስ አበባ ትመለስ፣ ሥራ ትያዝ» ብላ ብቻ ነው የጻፈችው። አንዱ ምንም አልጻፈም፤ አንድ ቲክ ሥሏል።

ወረቀቱን ተውሼ ቤት ወሰድኩት። ለእማዬ አንድ በአንድ አነበብኩላት። የቀዩን ስትሰማ አማተበች። የሠርጉን ወጪ ስትሰማ በጉ በርካሽ ነው የተገዛው አለች። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አልኳት፤ እስክሪብቶ ይዤ ቀረብኩ። እንዝርቷን አላቆመችም። «ኔትወርክ መጣ በይ» አለች።

ጻፍኩት፤ 12ኛው የኛ ነው። ጥንዱን ስመልስ አንድ ቀን አሳልፌ ስለነበር 10 ብር ተቀጣሁ። መታወቂያዬን ተቀበልኩ። ግማሽ ፊቴ ያለበት ፎቶ ኮፒም እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ እትዬ ጀርባው ላይ የተራ ጠባቂዎችን ስም እየጻፉበት ነው። የማክዳን ጥንድ የምትፈልጉ አሁን ስድስተኛ ናችሁ።